ይሉኝታ በገበያና በደጅ
(ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ስለ ዘር መረጣ፥ ስለ ማዳበሪያና ስለ አረም ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ ግን እህሉ ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ስለሚፈስበት አንድ ቀዳዳ ጥቂት ቃል ለመናገር እወዳለሁ። ነቀዝንና አይጥን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ ይህኛው ቀዳዳ ይሉኝታ ይባላል።

ይሉኝታ በመሠረቱ መልካም ነገር ነው። ሰውን ከነውር ይጠብቃል፤ ታላቅን ያስከብራል። ነገር ግን «አይሆንም» ማለት በሚገባን ሰዓት አንደበታችንን ሲይዘው፥ የዓመት ድካማችንን ለማናውቀው ሰው ያስረክባል።

እስቲ ሒሳቡን እንመልከት። ገዢው መጥቶ እጁን ከጆንያው ይከታል፤ አንድ እፍኝ አውጥቶ ያያል፥ ይቀምሳል፥ የቀረውን ይበትናል። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ ያደርጋሉ። ተመዝኖ ካለቀ በኋላ ደግሞ «ምርቃት ጨምርልኝ» ይባላል። አንድ ገበሬ 10 ኩንታል ጤፍ ቢሸጥና በየኩንታሉ 3 ኪሎ በዚህ መንገድ ቢያልፍበት፥ 30 ኪሎ ጤፍ ያለ ዋጋ ሄደ ማለት ነው። ይህም በብተና ለሚዘራ አንድ ሄክታር መሬት የሚበቃ ዘር ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን ምክሮች ልብ በሉ።

አንደኛ፤ ደንባችሁን ገበያው ሳይጀመር ተናገሩ። ጥቂት እህል በሰፌድ ላይ አስቀምጡና «ናሙናው ይኸውላችሁ፤ ከጆንያው አይነካም» በሉ። ምርቃት የቆየ መልካም ልማድ ነውና አታስቀሩት፤ ነገር ግን መጠኑን እናንተው ወስኑ። ለሁሉም እኩል የሚሠራ ደንብ ማንንም አያስቀይምም፤ የሚያስቀይመው ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን መከልከል ነው።

ሁለተኛ፤ ሚዛኑን እዩ። ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን ሳታረጋግጡ ጆንያ አትጫኑበት። ገዢው ቢቆጣ፥ «ጌታዬ፥ እርስዎን አለማመኔ አይደለም፤ ከማንም ጋር የምሠራበት ሥርዓት ነው» ብሎ በለሰለሰ ቃል መመለስ ይበቃል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽምና፥ ስትከለክሉም ቢሆን ስድብ አይግባበት።

በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ለምሳሌ ተመልከቱ። ቡናው ወይም ሰሊጡ መጋዘን ሲደርስ ናሙና ይወሰዳል፤ ደረጃ ይወጣለታል፤ ተመዝኖም ደረሰኝ ይሰጥበታል። ሻጭና ገዢ ዝምድና ሳይኖራቸው ይገበያያሉ፤ ምክንያቱም ደንቡ አስቀድሞ ተጽፎ ሁሉም ያውቀዋል። በመንደር ገበያም ቢሆን የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ሦስተኛ፤ ዱቤን በሚመለከት ከቤት ሳትወጡ ቁረጡ። «ለሚመጣው ገበያ አመጣለሁ» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። አበዳሪው በይሉኝታ ሰጥቶ፥ ኋላ የራሱን ግብርና የማዳበሪያ ዕዳ ለመክፈል ሌላ ቦታ ሲበደር፥ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው በእርሱ ላይ ደረሰ። የምታምኑት ደንበኛ ከሆነ በምስክርና በጽሑፍ ስጡ፤ የማታውቁት ከሆነ ግን «በዱቤ አልሸጥም» በሉና ዝም በሉ። ምክንያት ባበዛችሁ ቁጥር እርሱም መከራከሪያ ያገኛል።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ስለ መጣ ብዙ ገዢዎች በስልክ ይከፍላሉ። ይህም ጥሩ ነው። ነገር ግን ገዢው በራሱ ስልክ ላይ የሚያሳያችሁን መልእክት ብቻ አይታችሁ እህል አታስረክቡ። ገንዘቡ መግባቱን በራሳችሁ ሒሳብ ተመልከቱ። የምስጢር ቁጥራችሁንም፥ «ልርዳዎት» ለሚል እንግዳም ሆነ «ከመሥሪያ ቤት ነኝ» ብሎ ለሚደውል ሰው አትንገሩ።

አራተኛ፤ ይህ ለእኅቶቻችን ነው። ዕንቁላል፥ ዶሮና ቅቤ የሚሸጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ገዢ ነኝ ብሎ እጅ የሚይዝ፥ ቤትሽ የት ነው የሚል፥ ባል አለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ሻጭ የቅቤዋን ዋጋ እንጂ የቤቷን ነገር ለመናገር አትገደድም። «ስለ ቅቤው ይጠይቁኝ፤ ሌላውን ይተዉት» ብላ ከፍ ባለ ድምፅ ትናገር። ከጎረቤቶቿም ጋር አጠገብ ለአጠገብ መቀመጥ ይጠቅማታል። በአካባቢው የቆማችሁ ወንዶች ደግሞ ይህን ነገር እንደ ቀልድ አትሳቁበት፤ እጁን የማይሰበስብ ሰው ሲገኝ ለገበያው ጥበቃ አስታውቁ።

አምስተኛ፤ የደጃችሁን ነገር ተጠንቀቁ። እንግዳ መቀበል የአገራችን ወግ ነው፤ ውሃም ቡናም ይቅረብለት። የዶሮ ቤት ግን የእንግዳ ማረፊያ አይደለም። ፈንግል ከመንደር ወደ መንደር የሚዛመተው በታመሙ ዶሮዎች ብቻ ሳይሆን፥ ከእነርሱ ጋር በተነካካ ቅርጫት፥ ጫማና ልብስም ጭምር ነው። ስለዚህ የዶሮ ነጋዴ ሲመጣ የምትሸጡትን ወደ ውጭ አውጡለት፤ ቅርጫቱን ይዞ አይግባ። ከገበያ የገዛችሁትን ወይም ሳይሸጥ የተመለሰውን ዶሮ ቢያንስ 2 ሳምንት ለብቻው አቆዩት። ለአንድ ሰው ማፈር የመንደሩን ዶሮ ሁሉ ሊያስጨርስ ይችላል።

ለእናንተ ለልማት ሠራተኞችም የምለው አለኝ። እናንተም ለብዙ ቤት እንግዳ ናችሁ። ደጅ ላይ ቆማችሁ «ቤቶች!» ብላችሁ ተጣሩ፤ ፈቃድ ሳታገኙ ወደ ማሳም ወደ በረትም አትግቡ። የገበሬውን ዕዳና የመሬቱን ስፋት በጎረቤት ፊት አትጠይቁት። ገበሬው «ዛሬ አይመቸኝም» ሲላችሁ ሌላ ቀን ቁረጡ እንጂ አታስገድዱት። ከዶሮ ቤት ወደ ዶሮ ቤት ስትዘዋወሩ ጫማችሁን እጠቡ። ምክራችሁ የሚሰማው ሥራችሁ ሲመሰክርለት ነው።

በመጨረሻም፥ ለሚመጣው የገበያ ቀን አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በዋዜማው ማታ ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ ሦስት ነገር ወስኑ፤ ከዚህ በታች አንሸጥም የምትሉትን ዋጋ፥ የምርቃቱን መጠን፥ ዱቤ የምትሰጡትንም ሰው። በማግሥቱ ገዢው ሲያግባባችሁ፥ «እቤት ተማክረን ቆርጠናል» በሉት። ሁለት ሰው የቆረጠውን ነገር አንድ ምላሰኛ በቀላሉ አይፈታውም።

አዝመራችሁ ይመር፤ ሚዛናችሁም የቀና ይሁን።