ከጎንደር ያመጣነው ጥያቄ



እኛ የሀቢቾ ልጆች አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሩትን ጎንደርን ለማየት በቃን። የፋሲልን ግንብ ዞረን ተመለከትን፤ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ የተሣሉትን መላእክት አንገታችን እስኪደክም አየን።

ማታ ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ በእንጀራ ስንበላ አንድ አዛውንት፣ «ልጆቼ፣ ከወዴት መጣችሁ?» አሉን። «ከሀዲያ፣ ከሀቢቾ» አልናቸው። «እሱንስ ማን ቆረቆረው?» ሲሉን የጠቀለልነው እንጀራ በእጃችን ቀረ። ስለ እንሰትና ስለ ቆጮ ብቻ ነገርናቸው። የፋሲልን ዘመን በቃላችን እናውቃለን፤ አያቶቻችንን ግን ጠይቀን አናውቅም።

ወላጆቻችን ሆይ፤ በዚህ ክረምት ደብተር ይዘን ከደጃችሁ እንመጣለንና ንገሩን። ግንብ ቢፈርስ ድንጋዩ ይቀራል፤ ያልተጻፈ ቃል ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።