አባ ኢባንና እኛ አስተርጓሚዎቹ



ስለ አንድ ፖለቲከኛና ዲፕሎማት እንድንናገር ነው የተጠየቅነው። እኛ የመረጥነው አባ ኢባንን ነው። «አባ» ሲባል መነኩሴ የመሰላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም፣ ስሙ ነው።

ግን መጀመሪያ ከራሳችን እንነሳ። ብዙዎቻችን በስምንትና በዘጠኝ ዓመታችን አስተርጓሚ ሆነናል። ኩፓት ሆሊም፣ ባንክ፣ የወላጆች ስብሰባ፣ የትም ቦታ። አንድ ጊዜ ከመካከላችን አንዷ አያቷን ይዛ ሐኪም ጋ ገባች። አያቷ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አሉ። እሷ «ሆዳቸውን ያማቸዋል» ብላ በዕብራይስጥ ተናገረች። ሐኪሙም የሆድ መድኃኒት አዘዘላቸው። ባር ባር ማለት የሆድ ሕመም እንዳልሆነ እዚህ ያላችሁት እናቶች ሁሉ ታውቃላችሁ። እኛ አላወቅንም።

ኢባን በ1915 በደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን ተወለደ። አባቱ እሱ ሕፃን ሳለ ሞተ። ያደገው ለንደን ነው፤ ኢባን የሚለውን ስምም ያገኘው ከእንጀራ አባቱ ነው። ሳምንቱን የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ይማራል፣ የሳምንቱ መጨረሻ ሲመጣ ግን ወደ አያቱ ቤት ይወሰዳል። አያትየው ዕብራይስጥና ኦሪት፣ ታልሙድም ያስተምሩታል። ልጅ ነውና ጨዋታ አልናፈቀውም አንልም። ግን ካምብሪጅ ሲገባ ዕብራይስጥ፣ ዐረብኛና ፋርስኛ አጥንቶ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። በኋላም የግብፃዊውን ደራሲ የተውፊቅ አል-ሐኪምን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሟል። ሥራው ሁሉ ከዚያ ከአያቱ ጠረጴዛ የጀመረ ይመስለናል።

አገር ስትመሠረት ገና 33 ዓመቱ ነበር፣ እስራኤልን ወክሎ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ፊት ቆመ። አባልነት ተጠየቀ፣ በታኅሣሥ 1948 አልተሳካም። በግንቦት 11 ቀን 1949 እንደገና ድምፅ ሲሰጥ 37 አገሮች ደገፉ፣ 12 ተቃወሙ፣ 9 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከ12ቱ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ይህን ስናነብ ደነገጥን። ያኔ እኮ አያቶቻችን ጎንደር ውስጥ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ይጸልዩ ነበር!

ከ1950 እስከ 1959 በዋሽንግተን አምባሳደር ሆነ፣ የተባበሩት መንግሥታት ሥራውንም አልለቀቀም። ከዚያ ክኔሴት ገባ፣ የትምህርት ሚኒስትር ሆነ፣ ከ1966 እስከ 1974 ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር። በግንቦት 1967 ግብፅ የቲራንን የባሕር መተላለፊያ ስትዘጋ ፓሪስ፣ ለንደንና ዋሽንግተን የተላከው እሱ ነው። ደጎል መጀመሪያ እንዳትተኩሱ ብለው አስጠነቀቁት። ጦርነቱ በተጀመረ ማግስት፣ ሰኔ 6፣ የጸጥታው ምክር ቤት ፊት የእስራኤልን ጉዳይ ያስረዳው እሱ ነበር።

በዚያው ዓመት በኅዳር 242 የሚባለው ውሳኔ ወጣ። እኛን አስተርጓሚዎችን የሚመለከተን ይሄ ነው። እስራኤል በጦርነቱ ከያዘቻቸው ቦታዎች ትውጣ የሚለው ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛው «ከግዛቶች» ነው የሚለው። ፈረንሳይኛው ግን «ከግዛቶቹ» ተብሎም ይነበባል። በእኛ ቋንቋ ልዩነቱ «ች» እና «ቹ» ናት፣ አንዲት ፊደል! ከአንዳንዶቹ ነው ወይስ ከሁሉም? ኢባን የእንግሊዝኛውን ይዞ ተከራከረ፣ የዐረብ አገሮች የፈረንሳይኛውን ያዙ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም። ማን ትክክል እንደሆነ ለመፍረድ አልመጣንም።

ታዲያ ውጭ አገር እንዲህ የተደመጠ ሰው፣ አገሩ ውስጥ ያን ያህል አልተደመጠም። አነጋገሩን ያሾፉበት ነበር፣ ዕብራይስጡ ከመጽሐፍ የወጣ ይመስላል፣ ሰውየው እንግሊዛዊ ነው እያሉ። ሁለት ቋንቋ ያለው ሰው ለሁለቱም ወገን እንግዳ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይሄ ለእኛም አዲስ አይደለም። ሁሉን በሌላ ሰው ግን አናሳብብም። ንግግር እያሳመረ በፓርቲው ውስጥ የሚከተለው ሰው አላበጀም፣ ይሄ የራሱ ድክመት ነው። በ1988 ፓርቲው ከዕጩዎች ዝርዝር አስወጣው። የእስራኤል ሽልማትን ያገኘው በ2001 ነው፣ በዓመቱ በ2002 ዐረፈ።

ወደዚያች ልጅ እንመለስ። አሁን አድጋለች። በዚህ ዓመት አያቷ እንደገና «ባር ባር ይለኛል» ሲሉ ቀጠሮ አላስያዘችም። አጠገባቸው ቁጭ ብላ «እማማ፣ ምን ሆነው ነው?» አለቻቸው። ጎንደር የቀረው ወንድማቸው ስልክ ካነሳ ሁለት ወር ሊሆነው ነው። ስልኳን አወጣችና ቁጥሩን አብረው ደወሉ።