ክትክታ፦ የድንጋያማ ተዳፋት ቁጥቋጦ
አፈሩ ታጥቦ ድንጋይ ባገጠጠበት ተዳፋት ላይ ቀድመው ከሚበቅሉት የኢትዮጵያ አገር በቀል ቁጥቋጦዎች አንዱ ክትክታ ሲሆን፣ ጠባብና ረዘም ያሉ ቅጠሎቹ ሙጫ መሰል ልባስ ስላላቸው በጣት ሲነኩ ይጣበቃሉ፣ ፀሐይ ሲያርፍባቸውም ቫርኒሽ እንደተቀቡ ያብረቀርቃሉ፤ ይህ ልባስ የውሃ ትነትን በመቀነስ ተክሉ ድርቅን እንዲቋቋም ያግዘዋል። አበባው ግን እምብዛም ዓይን አይስብም፤ ነፍሳትን የሚጠራ ባለቀለም የአበባ ቅጠል ስለሌለው ርክበ ብናኙ፣ ማለትም የወንዴው ብናኝ ወደ ሴቴው አበባ መድረሱ፣ በአብዛኛው በነፋስ ይከናወናል። ብዙ መንገደኛ አበባ የሚመስለው ቀላ ያለው ዘለላ በቅርበት ሲታይ ፍሬው ነው፤ እንደ ስስ ወረቀት ያሉ ክንፎቹም ዘሩን ለነፋስ ያመቻቹታል። ፍየሎች ብዙም ስለማይቀነጥቡት የተራቆተ መሬት እንዲያገግም ይረዳል፤ ጠንካራ እንጨቱ ግን ለማገዶ ስለሚፈለግ ከዚያው ተዳፋት ላይ ይቆረጣል።