ለዳገት ማሳችን የትኛው የድርቆሽ መሰብሰቢያ ይሻላል?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትና ተወካዮች፣
የተከበራችሁ የወረዳና የቀበሌ አመራሮች፣
ክቡራትና ክቡራን፣



እንዲህ ባለው ቀን ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ገበያ መነገሩ የተለመደ ነው። የእኔ ድርሻ ግን ዝቅ ያለ የሚመስል ጉዳይ ነው። እርሱም የታጨደ ሣር የሚሰበሰብበት መሣሪያ፣ ብዙዎቻችን ሬክ የምንለው ነው። ጉዳዩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2011 ዓ.ም መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ከፈቀደ ወዲህ የመሣሪያ አቅራቢዎች ሥዕል ወደ ማኅበሮቻችን ጽሕፈት ቤት ዘልቋል። ከትርፍ ክፍፍላችን ላይ ተቀንሶ በትራክተር የሚጎተት የድርቆሽ መሰብሰቢያ ይገዛ የሚል ሐሳብም ከአባላት ቀርቧል። ገንዘቡ የእናንተ ስለሆነ ውሳኔውም የእናንተ ነው። እኔ የምለው ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና አስቀድመን ማሳችንን እንይ ነው።

የአንድ ኩንታል ድርቆሽ ዋጋ

እንደሚታወቀው በደጋው አካባቢያችን ሣር የሚታጨደው ከመስቀል በኋላ፣ በተለይም በጥቅምትና በኅዳር ነው። ሣሩ ገና እያበበ ሳለ ቢታጨድ ገንቢ ምግቡ ከፍ ያለ ነው። ከደረቀና ዘሩን ካራገፈ በኋላ የሚታጨደው ግን ከገለባ ብዙም አይሻልም። በወቅቱ የታጨደውም ቢሆን በአሰባሰብ ላይ ይባክናል። ቅጠሉ ይረግፋል፣ ከአፈር ጋር ይቀላቀላል፣ ጥሻ ለጥሻ ይቀራል፣ ወይም ሳይሰበሰብ ድንገተኛ ዝናብ ይመታውና ይሻግታል።

ይህ ምን ያህል ጉዳት ነው ቢባል ሒሳቡ ቀላል ነው። 250 ኪሎ ግራም የምትመዝን ላም በቀን 7 ኪሎ ያህል ድርቆሽ ትበላለች። ስለዚህ አንድ ኩንታል ድርቆሽ የ14 ቀን ቀለቧ ነው። ከአንድ ጥማድ የሣር መሬት አምስት ኩንታል ብናገኝና አንዱ ኩንታል በአሰባሰብ ጉድለት ቢጠፋ፣ በሰኔ መባቻ መኖ ባለቀበት ሰዓት ለሁለት ሳምንት ያህል ላሟ ጾሟን ታድራለች ማለት ነው። ያን ጊዜ ወይ መኖ በውድ እንገዛለን፣ ወይ ከብታችንን በርካሽ እንሸጣለን።

ሌላም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ማጨዱ በአብዛኛው የወንዶች ሥራ ቢሆንም፣ የታጨደውን ጎንበስ ብለው በእጃቸው እየሰበሰቡ የሚሸከሙት ሴቶችና ልጆች ናቸው። ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ትምህርት የሚሞቅበት ጊዜ ነው። ጥሩ መሣሪያ ማለት የእናቶችን ወገብ የሚያሳርፍ፣ ልጆችንም ወደ ትምህርት ቤት የሚመልስ መሣሪያ ነው። ስለሆነም መሣሪያው ሲመረጥ እነዚህ ወገኖች በስብሰባው ላይ መገኘትና መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

በመጀመሪያ ተዳፋቱን እንለካ

የእኛ ሣር ከሁለት ዓይነት ቦታ ይመጣል። አንዱ በሸለቆው ግርጌ ያለው ጨፌ ነው። ሁለተኛው ዳገቱ ላይ ያለው ማሳና ከልቅ ግጦሽ የተከለለው ተራራ ነው። ለሁለቱም አንድ መሣሪያ አይሆንም።

የተዳፋቱን መጠን ለማወቅ ባለሙያ መጠበቅ አያስፈልግም። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች እርከን ሲቀይሱ የሚጠቀሙበት ገመድና ውሃ ልክ ይበቃል። 10 ሜትር ገመድ ወስዳችሁ አንዱን ጫፍ ከላይ በኩል መሬት ላይ አስነኩ። ሌላውን ጫፍ ከታች በኩል በቆመ እንጨት ላይ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ውሃ ልኩ እስኪስተካከል ጠብቁ። ገመዱ እንጨቱን የነካበት ቦታ ከመሬት 1 ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 10 ከመቶ ነው። 2 ሜትር ከሆነ 20 ከመቶ ነው።

እርከን ያለበት ማሳ ደግሞ ሌላ ልኬት ይጠይቃል። በሁለት እርከኖች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 1 ሜትር ቢሆን፣ በ20 ከመቶ ተዳፋት ላይ በእርከኖቹ መካከል ያለው ስፋት 5 ሜትር ብቻ ነው። በዚህች ጠባብ መሬት ላይ ትራክተር ከነመሣሪያው ሊዞር ቢሞክር እርከኑን ይንደዋል። በስንት ቀን የሕዝብ ጉልበት የተሠራን እርከን ለድርቆሽ ብለን ካፈረስን ያተረፍነው ነገር የለም።

መሣሪያዎቹ ምን ምን ናቸው?

አንደኛ፣ የእጅ መሰብሰቢያ። በከተማ ሱቅ የሚሸጠው የብረት ሬክ ለአትክልት ቦታ የተሠራ ነው። ክብደት አለው፣ ጥርሱም አጭርና ስለታም ስለሆነ መሬቱን እየቧጠጠ አፈርና ሥር ያወጣል። አፈር የተቀላቀለበት ድርቆሽ ደግሞ ከብቱ አይወደውም፣ ጥርሱንም ይጨርሳል። ለድርቆሽ የሚሆነው ከእንጨት የሚሠራው ነው። ግንባሩ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ጥርሶቹ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙና ጫፋቸው የደነዘ፣ እጀታው ሠራተኛው ሳይጎብጥ የሚይዘው ረጅም መሆን አለበት። ለጥርሱ እንደ ወይራ ያለ ጠንካራ እንጨት፣ ለእጀታው ቀጥ ያለና የደረቀ ቀላል እንጨት ይመረጣል። አንድ ጥርስ ቢሰበር ማታ ቤት ውስጥ ተጠርቦ ይተካል። በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ ተራሮች ያሉ ገበሬዎች ማሽን ሞልቷቸው ሳለ ቀጥ ባለው ዳገት ላይ ዛሬም በእጅ መሰብሰቢያ ይሠራሉ። ምክንያቱ ድህነት ሳይሆን ዳገቱ ነው።

ሁለተኛ፣ በፈረስ ወይም በበሬ የሚጎተተው። ይህ ሁለት ትልልቅ መንኮራኩርና በመካከላቸው እንደ ማጭድ የታጠፉ ረጃጅም የብረት ጥርሶች ያሉት ነው። ጥርሶቹ ሣሩን እየሰበሰቡ ይሄዳሉ፤ ሲሞላ ነጂው በእጁ ወይም በእግሩ ማንሻውን ሲጫን ጥርሶቹ ብድግ ብለው ሣሩን ይለቃሉ። በዚህ ዓይነት ሣሩ በረድፍ ይቀመጣል። ሞተርም ነዳጅም የለውም። ሆኖም በአግድም እንጂ ሽቅብና ቁልቁል መጎተት የለበትም። ቁልቁል ሲሄድ እንስሳውን ከኋላ ይገፋዋል። ጥርሶቹም መሬት እንዳይቧጥጡ ከፍታቸው ሊስተካከል ይገባል።

ሦስተኛ፣ በትራክተር የሚጎተተው ባለ ጣት ጎማ። በሥዕሉ ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር ዙሪያውን ሽቦ የተተከለባቸው ክብ ጎማዎች የሚታዩት ይህ ነው። ጎማዎቹ መሬት ሲነኩ በራሳቸው ይሽከረከራሉ። የማርሽ ሣጥን ስለሌለው ከሌሎቹ የትራክተር መሰብሰቢያዎች ዋጋውም ጥገናውም ይቀላል። ጉድለቱ መሬት እየነካ ስለሚሄድ በድንጋያማ መሬት ላይ ጠጠርና አፈር ከሣሩ ጋር መጠቅለሉ ነው። ሽቦውም ድንጋይ ሲመታ ይሰበራል።

አራተኛ፣ ከትራክተሩ ሞተር ኃይል እየወሰደ የሚሽከረከረው። ይህ ሣሩን በንጽሕና ይሰበስባል፣ ቅጠልም ብዙ አያረግፍም። ነገር ግን ዋጋው ውድ ነው፤ የማርሽ ዘይት፣ መለዋወጫና የሠለጠነ ነጂ ይፈልጋል። ሰፊና ደልዳላ ሜዳ ላላቸው እንጂ ለእኛ ቁርጥራጭ ማሳ የተሠራ አይደለም።

የትኛው ለየትኛው?

ከላይ ከተዘረዘረው ተነሥቼ የማቀርበው ምክር የሚከተለው ነው። ተዳፋቱ ከ20 ከመቶ በላይ ለሆነ፣ እርከን ለበዛበትና ድንጋያማ ለሆነ ማሳ ከእንጨት የተሠራ የእጅ መሰብሰቢያ ይሁን። ሠራተኛው ከታች ቆሞ ሣሩን ቁልቁል ወደ ራሱ ይሳብ፤ እርከኑ ጥግ ሲደርስ በሸራ ጠቅልሎ ያውርደው። ከ10 እስከ 20 ከመቶ ለሆነና ድንጋዩ ለተለቀመ መሬት በእንስሳ የሚጎተተው ይሞከር። ከ10 ከመቶ በታች ለሆነውና የብዙ አባላት ማሳ ለተያያዘበት ጨፌ ግን ባለ ጣት ጎማው ጥሩ ነው። እሱም ቢሆን መሬቱ ጠፈፍ ሲል ብቻ ነው፤ ረግረጉ ላይ ትራክተር ማስገባት ሣሩንም መሬቱንም ማበላሸት ነው።

ብዙዎቻችን ያለን መሬት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓይነት መሆኑን በየቀበሌያችሁ የምታውቁት ነው። ስለዚህ ገንዘባችን መጀመሪያ መሄድ ያለበት በየቤቱ ሁለት ሦስት ጥሩ የእጅ መሰብሰቢያ እንዲኖር ለማድረግ ነው። ይህ በየአካባቢው ላሉ አናጢዎችም ሥራ ይፈጥራል።

መሣሪያ ጥሩ ሆኖ ሰዓቱ ከተሳተ ግን ዋጋ የለውም። ከሣሩ መሐል የሚበቅለው ባለ ሦስት ቅጠሉ ማገጥ፣ እንዲሁም አልፋልፋና ቬች ቅጠላቸው ቶሎ ይረግፋል። እነዚህ የበዙበትን ድርቆሽ በጠራራ ፀሐይ ከማገላበጥ ይልቅ ጠዋት ጤዛው እንደለቀቀ፣ ቅጠሉ ገና ለስለስ እንዳለ መሰብሰብ ይሻላል። ከመከመሩ በፊትም ጥቂት ድርቆሽ ከደረቅ ጨው ጋር በጠርሙስ ከትታችሁ በደንብ ነቅንቁት። ጨው ከጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ ድርቆሹ ገና እርጥብ ነው፤ ቢከመር ይግላል፣ ይሻግታል።

ከመግዛታችን በፊት

ማኅበሮቻችን ማንኛውንም መሰብሰቢያ ለመግዛት ፊርማ ከማኖራቸው በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ለጠቅላላ ጉባኤ እንዲያቀርቡ አደራ እላለሁ፦

1. ከአባላት ማሳ ምን ያህሉ መሣሪያው በደኅና ሊሠራበት የሚችል ነው? በገመድና በውሃ ልክ ተለክቷል ወይ?

2. የሚጎትተው ማነው? ትራክተር ከሆነ፣ ትራክተሩ በጥቅምትና በኅዳር ለአጨዳና ለውቂያ በሚፈለግበት ሰዓት ለድርቆሽ ይደርሳል ወይ?

3. ጥርሱ ቢሰበር በአቅራቢያችን ያለ ብየዳ ቤት ይሠራዋል ወይስ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ይጠበቃል? ዝናብ ሳይመጣ የሚሰበሰብ ድርቆሽ ሳምንት አይጠብቅም።

4. ተራው እንዴት ይወጣል? ዳር ያለው አባልና ባሏ የሞተባት እናት ከጽሕፈት ቤቱ አጠገብ እንዳለው ሰው እኩል ያገኛሉ ወይ?

5. በዓመት ስንት ቀን ይሠራል? የቀረውን ጊዜ የት ይጠለላል? ማንስ ይጠብቀዋል?

ለእነዚህ መልስ ከተገኘ በኋላም ቢሆን ወዲያው አሥር መሣሪያ መግዛት አይገባም። አንድ በእንስሳ የሚጎተት መሣሪያ ተገዝቶ ወይም በአካባቢያችን ባለሙያ ተሠርቶ፣ በአንድ የአጨዳ ወቅት በሦስት ዓይነት ማሳ ላይ ይሞከር። ስንት ሰው በስንት ሰዓት ምን ያህል እንደሰበሰበ፣ ምን ያህል አፈር እንደገባበት ይመዝገብ። ለጨፌው የሚሆነውን የትራክተር መሣሪያ ደግሞ መጀመሪያ በኪራይ ማየት ይቻላል። ደቦና ወንፈል የለመደ ሕዝብ አንድ መሣሪያ በተራ ለመጠቀም አይቸገርም። የሚቸግረው ደንብ ሳይጻፍ ሲቀር ነው።

የተከበራችሁ አመራሮች፣ ከእናንተ የምንሻው ነገር አለ። የሜካናይዜሽን ዕቅድ ሲወጣ የቁጥር ሪፖርት የሚያሞላው ትራክተር ብቻ እንዳይሆን ነው። በአንድ ቀበሌ ሦስት መቶ የእንጨት መሰብሰቢያ መዳረሱም ሜካናይዜሽን ተብሎ ይመዝገብልን። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የእንስሳ ጉልበት መሣሪያዎችን ናሙና ሠርተው እንዲሞክሩ ብታግዙን ደግሞ ጥቅሙ ለወረዳው ሁሉ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣ ገንዘባችንን አዋጥተን ዩኒየን ያቋቋምነው ብቻችንን የማንችለውን አብረን ለመቻል ነው። በጋራ የሚገዛ ነገር ሁሉ ግን ለሁሉም የሚጠቅም አይደለም። ለጥቂቶች ጨፌ ብቻ የሚሠራ ማሽን ከሁሉም አባላት ገንዘብ ቢገዛ፣ ዳገት ላይ ያለው አባል ከፍሎ የሚያይ ብቻ ይሆናል። በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ በዚህ ጉዳይ ላይ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት፣ በዚህ ሳምንት ገመድና ውሃ ልክ ይዛችሁ ማሳችሁን ለኩ። ልኬቱን በወረቀት ይዛችሁ ኑ።