የተተከለውን ሳይሆን የጸደቀውን እንቁጠር

(በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ሐይቃችን የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ጎርፍ ከዙሪያው ተዳፋት ጠርጎ የሚያስገባው አፈር ተመልሶ ማሳችን ላይ አይወጣም። በየእርከኑ ቬቲቨር ሳር የምንተክለው ለዚህ ነው።

ቬቲቨር የሚባዛው በዘር ሳይሆን በግንጣይ ነው። ሳሩ ከነሥሩ ተቆፍሮ ይከፈላል፤ ቅጠሉ አንድ ስንዝር ያህል ቀርቶ ይቆረጣል። ሥሩ ሳይደርቅ በክረምት መግቢያ ይተከልና ዙሪያው ጠበቅ ተደርጎ ይረገጣል። ከያዘ ሥሩ እስከ 3 ሜትር ይወርዳል።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝና በቁጥር ላስረዳ። በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲተከል 100 ሜትር እርከን 1,000 ጉድጓድ ይፈልጋል፤ በየጉድጓዱ 3 ግንጣይ ቢገባ 3,000 ይሆናል። «3,000 ተተከለ» ብለን ብንጽፍ እውነት ነው። ነገር ግን 10 ጉድጓድ ተከታትሎ ቢደርቅ 1 ሜትር ክፍት ይቀራል። ወረቀት ላይ ከመቶ 99 ጸድቋል፤ ጎርፉ ግን በዚያች አንድ ሜትር በኩል እርከኑን ይንደዋል።

ስለዚህ ሐምሌ የተከልነውን ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሳይወጣ እንቁጠር። ክፍተቱንም ከራሳችን ሳር ገንጥለን እንሙላ። በሪፖርታችንም የጸደቀው ቁጥር ይቅደም።