ዘመድ ሲደውል

(በዋሽንግተን ዲሲ ከፖሊስ አካዳሚ ለተመረቁና ሥልጠና ለሚጀምሩ ወጣቶች ቤተሰቦቻቸው ባዘጋጁት የምሳ ግብዣ ላይ፣ በተጋባዥ እንግዳ የተደረገ ንግግር)

 

ስጋበዝ «ታክሲ ነጂ ስለ ፖሊስ ምን ይናገራል?» ብዬ ነበር። ከአዘጋጆቹ አንዷ «ጋሼ፣ ከእርስዎ የበለጠ ከፖሊስ ጋር የተነጋገረ ማን አለ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ታሪፉ በዞን ይታሰብ ከነበረበት ዘመን ጀምሬ፣ በ2008 ሜትር ከገባም በኋላ በዚች ከተማ ነድቻለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምናገረው፤ የእኛን ላስላ ብል ምሳው ይቀዘቅዛል።) ዋሽንግተን ደግሞ ለታክሲ ነጂ ልዩ ከተማ ናት። የከተማው ፖሊስ አለ፣ የካፒቶል ፖሊስ አለ፣ የፓርክ ፖሊስ አለ፣ ዩኒፎርም የለበሰው ሲክሬት ሰርቪስ አለ፣ የሜትሮ ፖሊስ አለ። አንድ ተሳፋሪ ከዩኒየን ስቴሽን ጆርጅታውን እስካደርስ በማን ግዛት ላይ እንዳለሁ ይጠፋኝ ነበር። ቲኬት መጻፍ ግን ሁሉም ያውቃል።

እናንተ የገባችሁበት የሜትሮፖሊታን ፖሊስ ከነዚህ ሁሉ ለነዋሪው የሚቀርበው ነው። የተቋቋመው በ1861 ነው፤ ሊንከን ፕሬዚዳንት የሆነበት፣ የእርስ በርስ ጦርነቱም የተጀመረበት ዓመት። ሰው 911 ደውሎ ሌባ ገባብኝ ሲል፣ ባልና ሚስት ተጣልተው ጎረቤት ሲደናገጥ፣ አንድ አዛውንት መንገድ ጠፍቷቸው በካፖርት ፋንታ በፒጃማ ሲገኙ፣ የሚመጣው እሱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እናንተ ናችሁ።

እኔ ፖሊስን የማውቀው በመኪና መስኮት ነው። ከኋላ ቀይና ሰማያዊው መብራት ሲበራ፣ ሆድ ሲባባ፣ ከዚያ በጎን መስታወት ያ የማይቸኩል እርምጃ ሲመጣ፤ የመኪናውን የኋላ ክዳን በመዳፉ ነካ አድርጎ ሲያልፍ፣ የእጅ ባትሪው መጀመሪያ የኋላውን ወንበር፣ ቀጥሎ ጉልበቴን፣ መጨረሻ ላይ ፊቴን ሲያበራ። እጆቼን መሪው ላይ አስቀምጬ መጠበቅ የተማርኩት ከመንጃ ፈቃድ ፈተናው አይደለም፤ ቀድመውን ከመጡ ነጂዎች ነው።

አንድ ሌሊት 14ኛው ስትሪት ላይ ተሳፋሪ ስጠብቅ፣ ከፊት ለፊቴ ፖሊስ አንድ መኪና አስቆመ። ነጂው ያገራችን ሰው ነው፤ ለአሜሪካ አዲስ መሆኑ ያስታውቃል። ሞተሩን አጠፋ፣ ጃኬቱን አስተካከለ፣ በሩን ከፍቶ ወረደ። አገር ቤት ትራፊክ ሲያስቆምህ ወርደህ፣ መንጃ ፈቃድህን ይዘህ ሄደህ ማነጋገር ጨዋነት ነው፤ ተቀምጠህ መጠበቅ ንቀት ይመስላል። እዚህ በጨለማ ከመኪናው የሚወርድ ሰው ፖሊሱን ያስደነግጣል። በድምፅ ማጉያ «ተመለስ!» ተባለ። ሰውየው የባሰ ተደናገጠና እጁን ወደ ኋላ ኪሱ ሰደደ። መንጃ ፈቃዱ እዚያ ነዋ!

ፖሊሱ ወጣት ነበር፤ እንደናንተ። ከመኪናው በር ጀርባ እንደቆመ ድምፅ ማጉያውን ተወው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና መዳፉን ዘርግቶ ወደ መሬት ዝቅ፣ ዝቅ አደረገ፤ ልጅን «ቀስ በል» እንደምንለው። ከዚያ የሰውየውን መኪና አመለከተና ሁለት እጆቹን መሪ እንደያዘ ሰው አሳየው። ሰውየው ገባው፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ቲኬት ይጻፍለት ማስጠንቀቂያ ይሰጠው አላየሁም። ሁለቱም ግን ያን ሌሊት ቤታቸው ገብተው አደሩ።

ያ ፖሊስ ሰውየውን አያውቀውም። ዘመዱ አይደለም፤ ከየት እንደመጣም አያውቅም። ለማያውቀው ሰው ጥቂት ሰከንድ ለገሰው፤ በቃ። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚህ ነው፤ ለምታውቁትም ለማታውቁትም አንድ ዓይነት ሰው ስለመሆን። በእኛ ማኅበረሰብ መካከል ይህ ከአካዳሚው ሩጫም ከሕጉም ፈተና ይብሳል፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ አንድ የመሥሪያ ቤታችሁ ሰው ላንሳ። ዊልያም ዌስት ይባላል፤ ጥቁር ነው፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ የተዋጋ። እኔ ስንት ጊዜ ባለፍኩበት በ13ኛውና በኤም ስትሪት መገናኛ ላይ በ1872 ተረኛ ነበር። ፈረስ በኃይል መጋለብ በሰፈሩ አስቸግሯልና ፈጥኖ የመጣውን ሰረገላ አስቆመ። ነጂው ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት ነው። ዌስት አስጠንቅቆ ለቀቀው። በማግስቱ ፕሬዚዳንቱ ያንኑ ፈረስ ያንኑ ሩጫ እያስሮጠ መጣ። ዌስት ያዘውና ጣቢያ ወሰደው፤ ግራንትም 20 ዶላር አስይዞ ሄደ። ይህንን ዌስት ራሱ በ1908 ለጋዜጣ ተናግሮታል። አንድ ጥቁር ፖሊስ፣ የባርነት ዘመን ባለቀ ገና በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ የአገሪቱን መሪ!

ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ የሚያደንቀው የሁለተኛውን ቀን ነው። እኔ የመጀመሪያውም ይገርመኛል። ማስጠንቀቂያውን ፕሬዚዳንት ስለሆነ ሰጠው ወይስ ለማንም ይሰጥ ነበር? ልቡን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። ከእናንተ የምጠብቀውን ግን ልናገር፤ ለባለ ጥቁሩ ሊሙዚን ማስጠንቀቂያ ሰጥታችሁ ካለፋችሁ፣ ፒዛ ለሚያደርሰው ልጅም ስጡት።

አሁን ወደ ወላጆች ልዙር፤ አትቀየሙኝ።

ልጃችሁ ባጅ ባደረገ ሳምንት ስልኩ ይጮኻል። በእድሩ፣ በዕቁቡ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በመስጊዱ በር «የእገሌ ልጅ ፖሊስ ሆነ አሉ» ይባላል። ከዚያ ይጀመራል። «ልጄ፣ አንዲት ቲኬት ነበረችብኝ…» «የባሌን ወንድም ይዘውታል፣ ፋይሉን እስቲ እየው።» «ቤዝመንቴን የተከራየችው አልወጣም ብላኛለች፤ ዩኒፎርምህን እንደለበስክ አንዴ ብቅ ብትልልኝ ምን አለበት?» አለበት! ፖሊስ ለዘመድ ብሎ የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተር ከፍቶ የሰው ስም ቢፈልግ ከሥራ ሊባረር፣ አልፎም ሊከሰስ ይችላል። እናንተ ሌሊት የሆቴል ሂሳብ ስትሠሩ፣ አረጋውያን ስትጦሩ፣ ፓርኪንግ ላይ ስትቆሙ ያሳደጋችሁትን ልጅ በአንድ የስድስት ደቂቃ ስልክ ታሳጡታላችሁ። እናት «ወይ ልጄ፣ ለአክስትህ ይቺን እንኳ?» ስትል እምቢ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ እኔም ልጅ ነበርኩና አውቃለሁ። ስለዚህ ሸክሙን እናንተ አንሱለት። ስልኩ መጀመሪያ የሚደርሰው እናንተ ዘንድ ነው፤ እዚያው መልሱት።

ለምን እንዲህ እንደሆንን ይገባኛል። ባደግንበት አገር ሰው የሌለው ሰው ጉዳዩ አይሄድለትም ነበር። ግን የዚያኑ ነገር ሌላ ገጽታ በዕድሜዬ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ። በቀይ ሽብር ዘመን ጠመንጃ አንግቶ በር የሚያንኳኳው ሁልጊዜ ባዕድ አልነበረም። አንዳንዴ የሰፈር ልጅ ነው፤ በስም የምንጠራው። ከእሱ ጋር የተስማማ ሲተርፍ፣ የቆየ ቂም ያለበት ሲወሰድ አይተናል። ሕግ በመተዋወቅ ሲሠራ የሚተርፈው ሰው ብቻ አይደለም የሚታሰበው፤ የማይታወቀውስ ወዴት ይሄዳል?

ሌላም ጥግ አለ። ባልደረቦቹ «ለወገኑ ያደላል» እንዳይሉት ብሎ ሐበሻ ሲያገኝ የሚብስ አለ። ለፈረንጁ ማስጠንቀቂያ፣ ለታክሲ ነጂው ሦስት ቲኬት። እንዲህ ያለውም የሚያስበው ስለ ሕጉ አይደለም፤ ስለ ራሱ ስም ነው።

አማርኛችሁን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፤ ዘመናችሁን ሁሉ ትጠቀሙበታላችሁና። በዚች ከተማ አማርኛ ውለታ አይደለም። በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶው ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ የሚናገረውን ቋንቋ ዋና ዋና ሰነዶቹን እንዲተረጉምበት ያስገድዳል። አማርኛ ከነዚያ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ አንዲት እናት እንግሊዝኛ ባትችል ልታፍሩባት አይገባም፤ አስተርጓሚ መብቷ ነው። እናንተም ሰላምታችሁን፣ ማረጋጋቱን በአማርኛ አድርጉት፤ ቃል መቀበል ሲመጣ ግን ለዚያ ሥራ የተፈተነና ምስክር ወረቀት ያለው ሰው ይቅረብ። አደራ የምላችሁ፣ ባል ለሚስቱ አያስተርጉም። የስምንት ዓመት ልጅ እናቱ እንዴት እንደተመታች አያስተርጉም።

ይኸው ወደ ቤታችን ገባሁ፤ ልጨርሰው። የዲሲ ሕግ በቤተሰብ መካከል ጉዳት የደረሰበት ጥቃት መፈጸሙን የሚያሳምን በቂ ምክንያት ካለ፣ ፖሊሱ ማሰር አለበት ይላል፤ ምርጫ አይሰጠውም። እናንተ በሩ ላይ ስትደርሱ ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀምጠው «ልጄ፣ አንተ ያገራችን ልጅ ነህ፤ እኛ እናስታርቃቸዋለን፣ ሂድ» ይሏችኋል። እኔም ሽማግሌ ሆኜ ተልኬ አውቃለሁ፤ ሽምግልና ብዙ ትዳር አትርፏል። ፖሊስ ግን ሽማግሌ አይደለም። መኝታ ቤት በር ላይ የቆመችው ሴት እኛ ሽማግሌዎቹ ስንሄድ ማን አብሯት እንደሚቀር ታስባለች። ሽማግሌዎቹን በአክብሮት «አባቶቼ፣ ውጭ ቆዩኝ» በሏቸውና ሥራችሁን ሥሩ።

ደረታችሁ ላይ ካሜራ አለ፤ እሱ ይጠብቀናል የሚል አለ። ይህችው ከተማ ከ2,000 በላይ ፖሊሶችን በዕጣ ከፍላ፣ ግማሹን ካሜራ አስለብሳ ሌላውን ሳታስለብስ አነጻጽራ ነበር። ውጤቱ በ2017 ሲወጣ፣ በኃይል አጠቃቀምም በሕዝብ አቤቱታም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ካሜራው ያየውን ይመዘግባል፤ የሚያደርገውን የሚወስነው ያው ለባሹ ነው።

የለባሹን ነገር ካነሳሁ፣ በ1998 የዚህ ፖሊስ አዛዥ የሆኑት ቻርልስ ራምሲ ናሽናል ሞል አጠገብ ያለውን የሆሎኮስት መታሰቢያ ሙዚየም ጎብኝተው፣ ፖሊሶቼ ይህን ማየት አለባቸው አሉ። በ1999 ሙዚየሙ ኤዲኤል ከተባለው የአይሁድ መብት ተሟጋች ድርጅት ጋር ለፖሊሶች ሥልጠና መስጠት ጀመረ። እዚያ አንድ የ1933 ፎቶ አለ። በርሊን ነው፤ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንዱ ረዳት ሆኖ የተመደበ የናዚ ፓርቲ ሰው ነው። ሌላው ከዚያ በፊትም የነበረ ተራ የከተማ ፖሊስ፤ ትናንት መንገድ ሲያሻግር የነበረ ሊሆን ይችላል። አፉ የታሰረ ውሻ ይዘዋል። ይህን ፎቶ የምታዩ ከሆነ የናዚውን ሰው ተዉትና ፖሊሱን ተመልከቱ። ከፊቱ የሚነበብ ክፋት የለም። ፓትሮል እየሄደ ነው።

አካዳሚ ልትገቡ ለተዘጋጃችሁ ምክር ይቀረኛል። አካዳሚው ያለበት ብሉ ፕሌንስ ተሳፋሪ አድርሻለሁ፤ ከከተማው የፍሳሽ ማጣሪያ ጎን ነው፣ ነፋሱ ሲዞር ይታወቃችኋል። ትለምዱታላችሁ። ሩጫውን ዛሬ ጀምሩ፤ ነገ አትበሉ። ከሩጫው ይልቅ ብዙውን ሰው የሚያስጨንቀው ሪፖርት ጽሕፈቱ ነው ይሉኛል። ባያችሁት ቀን፣ ባያችሁት ቅደም ተከተል፣ ያላያችሁትን ሳትጨምሩ መጻፍ ተለማመዱ። መንገድ ላይ የገጠማችሁን ማታ በደብተር ጻፉት፤ ለእኅታችሁ አንብቡላት፤ «እና ከዚያስ?» ካለች አልጻፋችሁትም ማለት ነው።

ወላጆች፣ አዲስ ፖሊስ ፈረቃ አይመርጥም። የፋሲካ ሌሊት፣ የኢድ ማለዳ፣ የእኅቱ ሠርግ ቀን ተረኛ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ሰው አስሮ ጠዋት እንቅልፉን ሳይተኛ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ተቀምጦ ሊያረፍድ ይችላል። «ከሰው ተለየ» አትበሉት። ዶሮው ይቀመጥለት፤ ሲመጣም ስለ ሥራው አትመርምሩት፣ ይብላ።

እኔ ጨርሻለሁ። ምርቃቱን ለአባቶች ትቻለሁ።