የለውዝ ማሳ አቀማመጥና የአፈሩ ምግብ
በድርቅና በሰፈራ አካባቢዎች ለሚሠሩ ባለሙያዎች የተሰጠ ገለጻ



በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በድርቅ ከተጎዱት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሰፈረ ጊዜ፣ ብዙው ገበሬ የለመደው የደጋና የወይና ደጋ እርሻን፣ ዘርንም በእጅ በትኖ መዝራትን ነበር። ለመተከልና ለአሶሳ ቆላ የሚስማማው ለውዝ ግን ሌላ አያያዝ ይሻል። ዛሬም ለድርቅ ተጎጂዎች የለውዝ ዘር ሲታደል ያው ጥያቄ ይነሣል፤ ዘሩን ከመስጠታችን በፊት ማሳውን ምን ያህል እናውቀዋለን?

ለውዝ ከመሬት በላይ አብቦ ከመሬት በታች የሚያፈራ ተክል ነው። አበባው ከዳበረ በኋላ እንደ መርፌ የሾለ ዘንግ ወደ ታች ይልካል፤ ዘንጉም አፈሩን በስቶ ይገባና ፍሬው በጫፉ ላይ ይፈጠራል። ሥሩ የሚስበው ካልሲየም ከውኃ ጋር ወደ ቅጠሉ ይወጣል እንጂ ተመልሶ ለፍሬው የሚበቃ ያህል አይወርድም። ስለዚህ ፍሬው ካልሲየሙን ከተኛበት አፈር ራሱ መምጠጥ አለበት። አፈሩ በካልሲየም ከደኸየ፣ ወይም ካልሲየም እያለው ላዩ ከደረቀ፣ ቅጠሉ ለምልሞ ሳለ ቅርፊቱ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ማሳውን ከመንገድ ዳር አይቶ «ሰብሉ መልካም ነው» ብሎ የሚጽፍ ባለሙያ ሊሳሳት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የስሕተቱንም ዋጋ የሚከፍለው ቤተሰቡ ነው።

አሸዋማ በሆነው የባቢሌ አፈር ዘንጉ በቀላሉ ይገባል፤ ነቀላውም አያስቸግርም። ይሁን እንጂ አሸዋማ አፈር ውኃንም ምግብንም አጥብቆ አይዝም። ጥቁር የመረሬ አፈር ደግሞ ሲደርቅ ይጠጥራል፤ ዘንጉን ይከለክላል፤ በነቀላ ጊዜም ፍሬውን ያስቀራል። የኮመጠጠ ቀይ አፈር ኖራ ይፈልጋል። ካልሲየም ላነሰው ማሳ ጀሶ በአበባ ወቅት በተክሉ ግርጌ ቢበተን ፍሬው በሚፈጠርበት ሥፍራ ይደርሳል። ናይትሮጅንን ግን በሥሩ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ስለሚያዘጋጁለት፣ ዩሪያ ማብዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ይልቁንም ፎስፎረስ ያስፈልገዋል።

ስለ አቀማመጡ፣ በመስመሮች መካከል 60፣ በተክሎች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ቢተው በአንድ ሄክታር 166,000 ያህል ተክል ይቆማል። አንዱ ዘር ግማሽ ግራም ቢመዝን፣ ለሄክታሩ 83 ኪሎ ግራም የተፈለፈለ ዘር፣ ለሩብ ሄክታር ደግሞ 21 ኪሎ ግራም ገደማ ይፈለጋል ማለት ነው። ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ቢታደል ማሳው ይሳሳል፤ አረም ይበረታበታል፤ በሽታ አስተላላፊው ክሽክሽም በተራራቀ ተክል ላይ ይበዛል። መስመሩ ተዳፋቱን አግድም ቢከተልና በመስመሮቹ መካከል ያለው ቦይ በየጥቂት ሜትሩ በአፈር ቢታሰር፣ የዝናቡ ውኃ ሳይሸሽ ይሰርጋል፤ ፍሬውም ካልሲየሙን የሚመጥበት እርጥበት ያገኛል። አፈር ማስታቀፍና ኩትኳቶ ዘንጎቹ ከመውረዳቸው በፊት ሊጠናቀቁ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ አረሙ በእጅ ይነቀል እንጂ መኮትኮቻ አይግባ።

እንግዲህ ሦስት ነገሮችን አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ለውዝ ዘርም ምግብም ስለሆነ፣ የዘር እደላው ያለ ቀለብ አይደረግ፤ የተራበ ቤተሰብ ዘሩን ቢበላ ሊወቀስ አይገባውም። ሁለተኛ፣ አፈሩ ሳይመረመር አንድ ዓይነት ማዳበሪያ ለሁሉም አይላክ። ሦስተኛ፣ የምርት ግምት ከመጻፉ በፊት ከማሳው ልዩ ልዩ ሥፍራ ጥቂት ተክሎች ተነቅለው ፍሬያቸው ይሰበርና ይታይ። የለውዝ እውነት ያለው ከአፈር በታች ነውና።